የጋሼ ማርሽ

ወንድ ልጅ መኪናውን ማሳመር የሚጀምረው እጁ ከሚደርስበት ነው። ሞተሩን ለመካኒክ፣ ጎማውን ለጎሚስታ ይተውና መሪ ያለብሳል፣ ማርሽ ያስጌጣል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼም የዲኤክስ ኮሮላቸውን ጥቁር ፕላስቲክ የማርሽ እጀታ ነቅለው፣ ከሶማሌ ተራ የገዙትን የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ተከሉበት። ሻጩ «የሬስ መኪና ዕቃ ነው!» ብሏቸዋል። አልዋሸም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኤንኤስኤክስ አር የተባለ ለሬስ የተቃኘ መኪና የማርሽ እጀታው ታይታኒየም ነበር። የብረት እጀታ እጅ ይሞላል፤ ከበድ ሲል ደግሞ ማርሹ ሲገባ በክብደቱ ያግዛል። ሻጩ ሳይነግራቸው የቀረው፣ የሬስ ሾፌር ጓንት እንደሚያጠልቅ ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ ወረድን። እስከ አዳማ ፈጣን መንገድ ስለሆነ ጋሼ አምስተኛ አስገብተው እጃቸውን አሳረፉ። ከአዳማ ወዲያ ግን ከከባድ መኪና ኋላ መሰለፍ ነው፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ደግሞ ሦስተኛ። መተሐራ ምሳ ስንበላ መኪናዋ መስኮቷን ዘግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ውጪው 35 ዲግሪ ሲሆን፣ እንዲህ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ50 ያልፋል። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ብረት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ጋሼ ገቡ፣ ሞተር አስነሡ፣ ፍሪሲዮን ረገጡ፣ እጀታውን ጨበጡ። ከዚያ ያሉትን አልጽፈውም፤ የማኅበር ሰው ናቸው።

«ምነው ጋሼ?»

«ነከሰኝ!»

መዳፋቸውን ዘረጉ። እጀታው አናት ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ ከ1 እስከ 5፣ ተገልብጦ በቀይ ታትሟል።

«ጥሩ ነው» አለች ባለቤቴ ከኋላ፤ «ከእንግዲህ የትኛው ማርሽ የት እንዳለ አይጠፋህም።»

«ፕላስቲኩ እኮ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም!»

ፕላስቲኩም ቢሆን እዚያው ፀሐይ ላይ ቢውል ይግል ነበር። ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። ፕላስቲክ እንደ ንፉግ ባለጸጋ ያለውን ሙቀት ቆጥቦ ይሰጣል። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ፕላስቲክን በመቶዎች እጥፍ ስለሚበልጥ፣ የያዘውን ሁሉ ባንዴ ያስረክባል። 60 ዲግሪ የገባ ብረት ቆዳ ለማቃጠል ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል። በኅዳር ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ጣት የሚያደነዝዘውም በዚሁ ጸባዩ ነው፤ ያኔ ደግሞ የእጅን ሙቀት ይወስዳል።

ይህን ለጋሼ ሳስረዳ «ፊዚክስህን ተወውና ጨርቅ አምጣ!» አሉኝ።

መጀመሪያ የሃይላንድ ውሃ አፈሰሱበት። እጀታው ትንሽ ቀዘቀዘ፤ የጋሼ ሱሪ ግን ክፉኛ ራሰ። ነጠላ ሲጠይቁ ባለቤቴ «ለሠርግ የታጠበ ነው» ብላ ከለከለች። በመጨረሻ ዓይናቸው እግሬ ላይ አረፈ። ከመተሐራ እስከ አዋሽ የእኔ ካልሲ ማርሽ ሲቀይር ሄደ።

መንገድ ላይ ያስቆመን ትራፊክ መንጃ ፈቃዱን አየ፣ መብራቱን አየ፣ በመጨረሻም ካልሲውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አባት?»

«ብርድ እንዳይመታው ነው» አሉ ጋሼ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ትራፊኩ የጋሼን ርጥብ ሱሪ፣ የእኔን ባዶ እግር ተመለከተና ምንም ሳይጨምር በእጁ «እለፉ» አለን።

የብረት እጀታ አትግጠሙ አልልም፤ ያምራል። ቆላ የሚወርድ ሰው ግን መኪናውን ጥላ ሥር ያቁም፤ ጥላ ካጣ ከመውረዱ በፊት ፎጣ ጣል ያድርግበት። መስኮት በጣት ያህል ከፍቶ መሄድ ብዙም አይረዳም። ገና ሊገዛ ያሰበ ደግሞ ሱቅ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ጨብጦ አይወስን። ሻጩን ያስፈቅድ፣ እጀታውን የቀትር ፀሐይ ላይ ያውለው፤ ከዚያ መጀመሪያ ሻጩ ይጨብጠው።