ስም ከግንብ በላይ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት አበው የሮሙን ኮሎሲየም ስላላዩ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የሄደ አንድ ወጣት ግን አየው፤ አይቶም አልቀረ፣ የራሱንና የፍቅረኛውን ስም ግድግዳው ላይ በቁልፍ ጫረ። ሌላ ጎብኚ በቪዲዮ ቀረጸው። ወጣቱ በኋላ በጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ፣ ሕንጻው ያን ያህል ጥንታዊ መሆኑን የተረዳው ነገሩ ካለፈ ወዲህ እንደሆነ ገለጸ። ምን ይፈረድበታል! እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀ፣ አንድ ጎኑ የተናደ ሕንጻ ዕድሜው በምን ያስታውቃል? ያላለቀ ኮንዶሚኒየም መስሎት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ ነው። በ2005 ዓ.ም. አንድ ቻይናዊ ታዳጊ በግብፅ የሉክሶር ቤተ መቅደስ ላይ ስሙን ጽፎ ሲገኝ፣ ከቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አብሮት ተሰደበ። ከእንግሊዙ እንግዳ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ኮሎሲየምን ሲጭሩ የተያዙት ደግሞ አንዲት የስዊዘርላንድና አንድ የጀርመን ታዳጊ ናቸው፤ ሥርዓት ከእነሱ አገር ይቀዳል የሚባልላቸው። የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሎርድ ባይረን ስምም ግሪክ አገር፣ ሱኒዮን ካለው የፖሲዶን ቤተ መቅደስ ድንጋይ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ልማዱ ይስፋፋ። ችግሩ ፍቅር ማለቁ ነው። ሰኔ ላይ የተጫረ ጥንድ ስም ጥቅምት ላይ ሐሰተኛ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ሮም የስም ማሻሻያ መስኮት ትክፈት። የተጣላ ሁሉ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የጫረበትን ቁልፍ ዋናውን ከነኮፒው ይዞ ይሰለፍ፤ የቀድሞዋ ፍቅረኛ በአካል ቀርባ ካልፈረመች ስሟ አይፋቅም። አዲስ የያዘ ከአሮጌው ጎን ይጨምር፤ ሦስተኛ የያዘ ቅስት ይቀይር። ማኅተም ያዡ ምሳ ከወጣ ነገ ይመለሱ። ከተፋቀ በኋላ የታረቁ እንደሆነስ፣ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ቬሮና ሌላ የሮማውያን አምፊቴአትር አለ አይደል፤ የሮሚዮና የጁልየት ከተማ ለፍቅር ብላ ትፈርሳለቻ! እንዲህ ጥቂት ዓመት ከተሠራ የኮሎሲየም ግድግዳ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ያኔ ውስጡን ለማየት ቲኬት መቁረጥም ይቀራል።

ቀልዱ ይብቃ። የሰው ቅርስ በቁልፍ መቧጨር ብልግና ነው፤ ቧጫሪው የስዊስም ይሁን የቻይና።

በ2015 ዓ.ም. የጣሊያን ሕግ በዚህ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 15,000 ዩሮ ይቀጣ ነበር። ምን አላት! ስም ለማስጠራት እኮ ልጅ ወልዶ ማሳደግ ከዚህ ይወደዳል።