ያልተሠራው ባቡር ጣቢያችን

ሰው የተሠራ ነገር ሲፈርስበት ያለቅሳል። እኛ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ግን ገና ሳይሠራ ነው የፈረሰብን። ለዚህ ዓይነቱ ለቅሶ ድንኳን የሚተክል ዕድር ደግሞ የለም፤ ጠይቄ ነው።

የዛሬ ልጆች ጉዳዩን ጭራሽ አያውቁትም። «ባቡር ጣቢያችን» ስል አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል፤ ሽማግሌው ጀመራቸው ማለቱ ነው። እንግዲያውስ ስሙኝ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የሀገሪቱን አዲስ የሐዲድ መረብ ሲነድፍ፣ ያ የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በየስብሰባው እየተነበበ እኛ በምናንቀላፋበት ጊዜ፣ ከስምንቱ መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም የሚነሣ ነበር። ከዚህ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወረታ፣ ከዚያ ወልዲያ፣ ከዚያ በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ድንበር፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ልብ በሉ፣ በእግረ መንገድ እናልፍባችኋለን አይደለም ያሉን፤ ከእናንተ እንነሣለን ነው ያሉን። ደብረ ማርቆስ እንኳ ያላገኘችው ማዕረግ ነው! ዕቅዱ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ነበር። 2007 መጣ፣ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነን ቀረን።

መንገዱ ያን ጊዜም ከንክኖኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚህ አዲስ አበባ በመኪና 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጀን ላይ ቁልቁል ወርደን ጎሐ ጽዮን ላይ እንወጣለን። በባቡር ልሂድ ያለ ሰው ግን ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ወልዲያ ይደርስና፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አዋሽ ወርዶ፣ ከአዋሽ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሊወጣ ነው። ለቀብር የተነሣ ሰው ለአርባው ይደርሳል። መሐንዲሶቹ ላይ አልፈርድም፤ ባቡር ዳገት አይወድም፤ የዓባይ በረሃ ደግሞ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። እኔም ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ዳገት አልወድም፤ ግን ወልዲያን አልዞርም።

የጣቢያ ወግ የማውቀው ከለገሃር ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ የቸርችልን ጎዳና ይዛችሁ ቁልቁል ስትወርዱ መጨረሻው ላይ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሕንፃ ነው፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው። ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ አለ፤ ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት፣ ዘርዓይ ድረስ እሱን አይቶ ደሙ ፈላ፣ ሰይፉን መዘዘ እየተባለ የሚነገርለት፣ በኋላም ወደ ቦታው የተመለሰው። ጣቢያ ማለት እንዲህ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ወደ እሱ ይወርዳል። የአሁኖቹን ተመልከቱ። የጅቡቲው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የአዲስ አበባ ጣቢያው ለቡ ሆነ፣ ከተማው ዳር! ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ መጋፋት፣ ከታክሲው ወርዶ ደግሞ ሻንጣ መጎተት።

የከተማው ቀላል ባቡርስ? መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 39 ጣቢያ። ልጄን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ። ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበት፣ ሀገርህ የት ነው የሚባባሉበት ጥግ ግን አላየሁም። መጣ፣ ገባን፣ ወረድን። ጎኔ የተቀመጠውን ልጅ «እንደምን ዋልክ» ብለው ጆሮው ውስጥ የሰካውን ነቅሎ «ምን?» አለኝ።

በዚህ ተናድጄ የእኛን ጣቢያ እኔው ነደፍኩት። በዱላዬ መሬት ላይ፣ እኩዮቼ ቆመው እያዩ። በሩ ወደ ከተማው ይዞራል። የትኬት መስኮቱ ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበት ይሆናል፤ ወገቤን አጉብጬ በቀዳዳ የምለማመጥበት ዘመን ይብቃ። ወንበሩ መደገፊያ ይኖረዋል። ለገበያተኛው አህያ ጥላ ያለበት ማሰሪያ ይኖራል። ለበርበሬ ደግሞ የብቻው ፉርጎ ይመደብለታል፤ በዚህ ድርድር የለም። በአባዱላ ከቡሬ ስመለስ ሁለት ጆንያ በርበሬ እግሬ ሥር ሸጉጠውብኝ፣ ማንኩሳ ስንደርስ ሹፌሩ ሳይቀር እያነጠሰ መሪ ይዟል። ይማርህ ለማለት እንኳ ትንፋሽ የነበረው ሰው አልነበረም።

ይህን ንድፍ የቡሬ ወዳጆቼ ሰሙና ጠብ ተነሣ። «የዘይት ፋብሪካው እኛ ዘንድ፣ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እኛ ዘንድ፤ ባቡሩ ከእኛ ይነሣ። እናንተ ምን ልትጭኑበት ነው?» አሉኝ። «ማንጎ» አልኳቸው። ሳቁ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ 24 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው፤ ጠባችን ግን ከዚያ ይረዝማል። የማንኩሳው ባልንጀራዬ ደግሞ «መካከል ያለነው እኛ ነን፤ ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳ ፍቅር እስከ መቃብርን የጀመሩት ከእኛ ነው» ብሎ ልብ ወለድ በማስረጃነት አቀረበ። በሌለ ጣቢያ ተኳርፈን ሁለት ሰንበቴ አልተነጋገርንም።

እስከዚያው ያለን መናኸሪያ ነው። የትኛው እንደሆነ ስሙን አልጠራም። ረዳቱ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። እውነትም ሞልቷል፤ እገባለሁ፣ ሒሳቤን እከፍላለሁ፣ ጋቢዬን አስተካክላለሁ። ይሄኔ ግማሹ ተሳፋሪ ተነሥቶ ይወርዳል። ለካ የረዳቱ ጓደኞች ናቸው፤ እኔን ለመጥራት የተቀመጡ! ሄደው ቀጥሎ ባለው መኪና ውስጥ ደግሞ ይሞላሉ። በእኔ ዕድሜ ማጥመጃ ያየሁት ለቆቅ ነበር።

ልጄ በስልክ «አባዬ፣ ትዕግሥት» ትለኛለች። ትዕግሥትማ ከምኒልክ ተምረናል። የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ 784 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እሳቸው በ1906 አርፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ያላዩትን አንተ ካላየሁ ብለህ ታጉረመርማለህ ይሉኛል። ልዩነት አለው! እሳቸው ቢያንስ ድሬዳዋ መድረሱን ሰምተዋል። እኔ የሰማሁት ጥናቱን ነው፤ ጥናት ደግሞ አያፏጭም።

አሁን ደግሞ አዲሶቹ ባቡሮች በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት አሉኝ። ይሄን ስሰማ ትንሽ ዝም አልኩ። እኛ ሠፈር መብራት የሚጠፋው ወጥ ሊወጣ ሲል ነው፤ ባቡሩማ እንጅባራ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ ሊያሳድረን ነው። ቢሆንም ይምጣ። ቆሞ ማደርም ቢሆን በባቡር ውስጥ ማዕረግ አለው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ኖራ ትናንት ቡናውን እየቀዳች፣ «እንዲያው አንቱ፣ ባቡሩ ቢመጣስ የት ሊሄዱበት ነው?» አለችኝ።

«ቡሬ» አልኳት። «እዚያ ያሉትን ሰዎች በመስኮት ሆኜ ላያቸው።»