አራት ቀን ምን መንገድ ነው?

ዘመን የተጣላችሁ ወገኖቼ፣ ደግሞ ሰው ወደ ጨረቃ ሊመልሱ ነው አሉ። እሰየው፤ ምድሩን አሳምረው ጨርሰውታልና! የልጅ ልጄ «አባባ፣ ምን አሳሰበዎት? የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት ነው» ይለኛል። ድሮ እኮ ጎረቤት ብሩን ሲበትን ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመክረው ነበር። ዛሬ ምክር የሚሰማ ጎረቤት የት ይገኛል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጥድፊያው ነው። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. የሄዱት ሰዎች ጨረቃ ለመድረስ የፈጀባቸው አራት ቀን ነው። አራት ቀን! ይኼ ምን መንገድ ይባላል? በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ ሻምበል ሃሪስ የተባለው እንግሊዝ ከታጁራ ተነሥቶ እኛ አገር ለመግባት በአፋር በረሃ ግመል እየነዳ ከወር በላይ ተንከራቷል። ስንቁን የቆረጠለት የእሱም መንግሥት ነው፤ ለንጉሡ ስጦታ መድፍና ጠመንጃ አሸክሞ። መልእክተኛ እንዲያ ነው! እግሩ ያልቆሰለ መንገደኛ ምን ወሬ ይዞ ይመጣል?

እኔ ያኔ ባልወለድም ነገሩን ሁሉ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ይህቺ የምኖርባት አሊዩ አምባ ገበያ ነበረች። ከሐረር የመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ጨው የጫነው አፋር፣ አርጎባው፣ ከአንኮበር የወረደው ደገኛ፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛል። መገበያያው አሞሌ ነበር። ገንዘብ ብሎ ማለት ያ ነው፤ ሲቸግርህ ሸርፈህ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለህ። እስቲ የስልኩን ብር ላሱት! ያኔ ጠብ የለ፣ ሌባ የለ፣ ግመል እንኳ አይናከስም። አንድ የታሪክ ተማሪ «በዚያው መንገድ ባሪያስ ይነዳ አልነበር?» ብሎ ጀምሮኝ ነበር፤ ሻይ አዝዤለት ወሬ ቀየርን።

አሁንማ መከራ ነው። ከዚህ አንኮበር ለመውጣት መኪና ስጠብቅ ፀሐይ አናቴ ላይ ትደርሳለች፤ ከተሳፈርኩ በኋላም ያ ዳገት አያልቅም። በዚህ ዘመን ሰው ቶሎ የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወደ ጨረቃ የሄዱትስ ቢሆኑ፣ ወር አጥተው ደግሞ በሐምሌ! ሰማዩ በደመና ተዘግቶ፣ ማን አየልን ብለው ነው? ሰው መንገድ የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 1965 ድረስ እየተመላለሱ 12 ሰዎች ረገጧት። ሃያ አምስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስክሰው ይዘው የተመለሱት ምን መሰላችሁ? 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር! አራት ኩንታል እንኳ አልሞላም። ድንጋይ ከሆነ የቸገራቸው ለእኛ ቢነግሩን ከአንኮበር ቁልቁለት በነጻ እናስጭናቸው ነበር፤ መንገዱም ይጠረግልናል።

የመጀመሪያዎቹ ሲሄዱ የ73 አገር መሪዎች መልእክት የተቀረጸባት፣ ሳንቲም የምታህል ዲስክ እዚያ ትተዋል። የጃንሆይም መልእክት አለባት። እንግዲህ ደብዳቤያችንን አድርሰናል፤ ይኸው ስንት ዘመን፣ መልስ አልመጣ። መልስ ለማይሰጥ ደጅ ሁለተኛ ይጠናል?

የእኛዎቹም አልቀረባቸውም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 «ኢቲአርኤስኤስ-1» የምትባል ሳተላይት በቻይና ሮኬት አስወነጨፉ፤ እንጦጦ ላይ ተሰብስበውም በቀጥታ ሥርጭት አዩአት። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ጆንያ ማሽላ ይበልጣታል። ወጪዋ ወደ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛውን ቻይና ችላለች (ይህቺን ብቻ ወድጃታለሁ)። ሥራዋ እርሻውን፣ ደኑንና ውሃውን ከላይ ሆኖ መመልከት ነበር አሉ። የሰው ማሳ ከሰማይ ማጮለቅ ነውር መሆኑ ቀረ? ድሮ ገበሬ ነፋሱን አሽትቶ ዝናቡን ያውቅ ነበር። እኔ ዛሬም አልሞኝም፤ አምና በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ እንደሚመጣ ከልጅ ልጄ ስልክ አይቼ ማሽላዬን ቀድሜ ከመርኩ። እንዲህ ያለ ብልሃት በዛሬ ልጆች ዘንድ የለም።

ጨረቃዋም ብትሆን የድሮዋ መች ሆነችና! ያኔ ትልቅ ነበረች። የረመዳንን ጨረቃ ለማየት አምባው ጫፍ ላይ ቆመን ምዕራቡን ስንቃኝ፣ ዓይነ ስሉ «ያቻትና!» ሲል አገሩ በእልልታ ይናጋ ነበር። አሁን ሁሉም አንገቱን ስልክ ላይ ደፍቶ ከሳዑዲ ወሬ ይጠብቃል። አንድ ቀና የሚል የለም። ባለፈው ረመዳን ቤት ለቤት ዞሬ «ታይታለች፣ ከሳዑዲ ሰምቻለሁ» ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ፍርዴን ልስጥ። መንግሥት የተባለ ሁሉ፣ የእኛም የሰውም፣ ሰው ወደ ጨረቃ ለመስደድ ሰባራ ሳንቲም ማውጣት የለበትም። መንገድ ይሥራ፣ ውሃ ያስገባ፣ ለሽማግሌ ጥላ ይትከል። አልሰማም ብለው የሚሄዱ ከሆነ ግን፣ እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች፣ መዝጋቢውን ስታገኙ የእኔንም ስም አስገቡልኝ። ወንበሩ በመስኮት በኩል ይሁን፤ ከአንኮበሩ መኪና ቀድሞ መነሣቱ አይቀርም።