ባለሙያ ብንጠራ ባለመሙያ መጣ

አቦ፣ ዛሬ አፌን የሚይዘኝ የለም! ድሬዳዋ በግንቦት እሳት እየተነፈሰች፣ አንዱ የኤሲ ጠጋኝ ሳሎኔ መሀል ቆሞ "ጋዙ አልቆ ነው" ይለኛል። አልቆ? ማን ጠጣው? ኤሲው ባጃጅ ነው እንዴ ከሳቢያን ከዚራ ሲመላለስ የሚጨርሰው? ጋዙ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚዞረው። ከቤት ውስጥ ሙቀት ይሸከማል፣ ውጭ ያራግፋል፣ ይመለሳል። አይቃጠልም፣ አይበላም። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የሚያፈስበትን ሳይደፍን የሚሞላ ደግሞ ባለሙያ አይባልም፤ ባለመሙያ ነው!

ሰፈርተኞች፣ እናንተው ፍረዱ። ሊኩን ሳይፈልግ "ልክ ነው" ብሎኝ ሄደ። ፍሬዮን ሞላሁ አለ፣ ፍሬ ግን አላየንበትም። "ቫኪዩም አድርጌዋለሁ" አለ፤ ፓምፕ የሚባል ነገር ከቦርሳው ሳይወጣ ቫኪዩም የሆነው ኪሴ ብቻ ነው። ጋዙ ወጣ፣ ብሩ ወጣ፣ እሱም ወጣ፤ የገባው ሙቀቱ ነው። አየር በአየር ንግድ ሲባል በወሬ ነበር የማውቀው፤ ይኸው ቤቴ ድረስ መጣልኝ!

"የሞላኸው ምን ዓይነት ጋዝ ነው?" ብለው "የኤሲ ጋዝ" አለኝ። የኤሲ ጋዝ! እና የምን ሊሆን ነበር፣ የለስላሳ? የውጭው ማሽን ጎን ላይ የተለጠፈች ጽሑፍ አለች። አር-22 ይሁን አር-410ኤ ወይም አር-32፣ ስሙን ትናገራለች። ስንት ግራም እንደሚገባም ትናገራለች። አንተ ግን ቱቦዋን በመዳፍህ ዳበስ አደረግካትና "በቃ፣ ጠግባለች" አልክ። ወንድሜ፣ ግራም የተጻፈው ሊመዘን ነው እንጂ ሊዳበስ አይደለም! መዳፍህ ስንት ግራም ድረስ ይቆጥራል? አር-410ኤ የሚሠራበት ግፊት ከአር-22 በብዙ ይበልጣል። አንዱን በሌላው ላይ የደባለቀ ሰው ኤሲውን አልጠገነም፣ ጉድጓድ ቆፈረለት። ጌጁን ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ መጣህ፣ ሳትሰካው አንጠልጥለህ ሄድክ። ጌጅ ነው ወይስ ጌጥ?

ደግሞ ቱቦው ላይ በረዶ አይቶ ደስ አለው! "በረዶ ሠርቷል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?" በረዶ ብፈልግ ጭማቂ ቤት አልሄድም? ያ በረዶ የሚሠራው ጋዙ ሲያንስ ወይም ፊልትሮው በአቧራ ሲታፈን ነው። ኤሲው ታምሜያለሁ ብሎ ሲናገር አንተ "እንኳን ደስ አለህ" አልከው!

"ድሬ ሙቀት ናት፣ ኤሲው ምን ያድርግ?" ትላለህ። ስማኝማ! ዊሊስ ካሪየር የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። ኤሲና ድሬ እኩያሞች ናቸው! በእኩያሞች መሀል ገብተህ ነገር አታዋስድ። ሙቀት ሥራህን የሚያበላሽብህ ከሆነ ደብረ ብርሃን ሂድና ጠግን። እዚያ በነሐሴ ኤሲውን ባትነካውም ቤቱ ይቀዘቅዝልሃል፤ ዝናህ ይወጣል!

ጨዋታ አይደለም፣ መለኪያ አለው። ኤሲው የሚስበውን አየርና የሚተፋውን አየር በቴርሞሜትር ለካ። በደህና ማሽን ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኔውን ብንለካው ሁለት እንኳን አልሞላም። እሱ ምን አለ? "ሪሞቱን 16 ላይ አድርገው።" ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ እኮ 16 ላይም አደረግከው 24 ላይ ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በዚያው ጉልበት ነው። ቁጥሩ የሚነግረው መቼ እንደሚያርፍ ነው። 16 ማለት "እንዳታርፍ" ማለት ነው! ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ራሱ የሚቀዘቅዘው በሚመለስለት ጋዝ ነው። ጋዙ አፍስሶ ያለቀበትን ኮምፕሬሰር 16 ላይ አድርጎ ሌት ተቀን ማስጮህ ማቃጠል ነው። ገባችሁ? ከዚያ ተመልሶ "ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ" ሊለኝ ነው። ሰውዬው የሚቀጥለውን ሥራውን በሪሞት እያመቻቸ ነው!

"መብራቱ ነው።" እሺ፣ መብራቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። ካፓሲተርም ኮምፕሬሰርም ይጎዳል፤ ይህን አልክድህም፣ ስታቢላይዘርም አለኝ። ግን ቮልቴጅ የቱቦ ማሰሪያ ዳዶ ያላላል እንዴ? ደግሞስ ቴስተር ሳታወጣ መብራቱን በምን ለካኸው፣ በዓይንህ?

አሁን የምናገረው ግን እውነት ያናድደኛል። አር-22 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ያስገድዳል። አር-410ኤ ኦዞን አይነካም፤ ነገር ግን አንዱ ኪሎ ምድርን የሚያሞቀው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ በላይ ነው። አንተ በቀዳዳ ቱቦ እየሞላህ ወደ ሰማይ ትለቀዋለህ። ቤቴን ልታቀዘቅዝ ተጠርተህ ዓለምን አሞቅህ! ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተው የሚያድሩት የጎረቤት ሕፃናት ምን በደሉህ?

"እኔ ስወጣ ይሠራ ነበር" የምትለዋ ደግሞ አለች። አንተ ስትወጣማ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር! ዋስትናህ ጫማህን እስክታስር ነው? ደረሰኝ ስልህ "በመተማመን እንሥራ" አልክ። እኔ ብሩን ሰጥቼህ አመንኩህ፤ አንተ በምን አመንከኝ፣ ስልክህን በማጥፋት? ሸማች መብት ያለው ቴሌቪዥን ሲገዛ ብቻ አይደለም፣ ለጥገና ሲከፍልም ነው። ሥራው ከተበላሸ ወይ መልሰህ ትሠራለህ ወይ ብሩን ትመልሳለህ። "ለአረፋ እመጣለሁ" ብሎ ነበር። አረፋ መጣ፣ በጉ ታረደ፣ ሥጋው ተበላ፤ እሱ የለም።

የመጣው ሌላ አረፋ ነው፤ የሳሙና! ሌላ ልጅ ጠራን። ገና ሳይቀመጥ ወደ ውጭው ማሽን ሄደና ቱቦው የሚታሰርበትን ዳዶ አየ። ዙሪያውን ጥቁር ቅባት፣ ቅባቱ ላይ የተጋገረ አቧራ። ጋዝ ሲያፈስ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቦታውን ያቆሽሸዋል። ልጁ ሳሙና በጥብጦ ቀባው፤ ትናንሽ ኩፍኝ የመሰሉ አረፋዎች ፍልቅ ፍልቅ አሉ። ቀዳዳው "እዚህ ነኝ" እያለ ሲጮህ ከርሟል፤ ባለመሙያው ሲሊንደሩን ሲያንኳኳ ሳይሰማው! ልጁ የቱቦውን አፍ ቆርጦ እንደገና አበጀው፣ ዳዶውን በልኩ አሰረው። በናይትሮጅን ፈተሸው፣ ቫኪዩም አደረገው፣ ጋዙን ሚዛን ላይ አስቀምጦ በግራም ሞላው። በቴርሞሜትር ለካን፦ 11 ዲግሪ! እናቴ በድሬ ግንቦት ነጠላ ደረበች!

ባለመሙያው ይህን ሲሰማ ጠፍቶ የከረመው ስልኩ ተከፈተ። ደወለልኝ! ምን ሊል? ይቅርታ? ብርህን ልመልስ? "ስንት አስከፈለህ?" ለማለት! ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት ቦርሳህን ፈትሽ ወንድሜ። ልጁ ዳዶውን ያጠበቀበት መፍቻ እኮ አንተም ጋ አለ። ያንተ ግን ከቦርሳ ወጥቶ ፀሐይ ሞቆ አያውቅም!