ተቃዋሚ አይደለሁም፤ ግን…

ሀገር ቤት ሳለሁ ስብሰባ አልወድም ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ በጓሮ አጥር ዘልዬ የጠፋሁበት ቀን አለ። አሜሪካ ገብቼ፣ ቤት ገዝቼ፣ የሠላሳ ዓመት ዕዳ ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ግን የስብሰባ ፍቅር ያዘኝ። በተለይ የካውንቲያችን የፕላን ኮሚሽን በወር አንዴ የሚያካሂደው አያመልጠኝም። ቲያትር ነው፤ ያውም በነጻ፤ ያውም ከነኩኪሱ።

ባለፈው የቀረበው ጉዳይ እንዲህ ነው። ከአውራ ጎዳናው መውጫ አጠገብ ሣር ብቻ የሚታጨድበት ሜዳ አለ። ባለቤቱ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። መሬቱን የአርቪ ማቆሚያ ላድርገው ብለው አመለከቱ። አርቪ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አልጋውም ምድጃውም መጸዳጃውም ውስጡ ያለ ቤት የተሸከመ መኪና፣ ወይም ከመኪና ኋላ የሚጎተት ቤት ነው። ማቆሚያው ደግሞ ጠጠር የለበሰ ቦታ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የ30 ወይም የ50 አምፒር የኤሌክትሪክ መሰኪያና የፍሳሽ መስመር ነው። እንግዳው ይመጣል፣ ይሰካል፣ ያድራል፣ ነቅሎ ይሄዳል።

ይህ ያልተማረ ሰው እይታ ነው። እኔም አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ዓይኔ እስኪበራ ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ ይሰጣል። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ማይክሮፎኑን አስተካክለው፣ «እኔ አርቪ የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ እኛም ራሳችን አርቪ አለን፤ ግን…» አሉ። የሚቀጥሉት ሰውዬ ልማት እንደማይቃወሙ አስታወቁና «ግን…» ብለው ቀጠሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ጎልማሳ የመንገደኛ ወዳጅ እንደሆነ ነገረን፤ ግን። እየቆጠርኩ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ተቃዋሚ አልተገኘም። ተማሪ ቤት መስተጻምር ናት ብለው ያለፏት ባለሁለት ፊደሏ ቃል እዚህ ሀገር ቡልዶዘር ታቆማለች።

መጀመሪያ የትራፊክ ነገር ተነሣ። አመልካቹ የቀጠሩት መሐንዲስ፣ ልጅ እግር ቢጤ ነው፣ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም የሚያሳትመውን መመሪያ ይዞ ቀረበ። አንድ ተራ መኖሪያ ቤት በቀን ከ9 በላይ የመኪና ጉዞ ያመነጫል፤ አንድ የአርቪ ቦታ ግን በማታው የመጨናነቂያ ሰዓት የሚያወጣውና የሚያስገባው ከአንድ ቤት በብዙ ያነሰ ነው ብሎ በሠንጠረዥ አሳየ። ምስኪን! ቁጥር ይዞ «ግን» ፊት ቆመ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ያንተ መጽሐፍ የእኛን መንገድ አያውቀውም» አሉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እውነታቸውን ነው። እኛ፣ ያውም ትናንት በቆሎ ሲዘራበት በነበረ መሬት ላይ የተሠራልን ሰዎች፣ በቀን ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ስንወጣና ስንገባ ትራፊክ አይደለንም። ሰፈር ነን።

ስለ ፍሳሽም ብዙ ተባለ። አርቪ ከሥሩ ሁለት ጋን አለው። አንዱ የሰሃንና የገላ እጣቢ ይይዛል፤ ሌላው ያኛውን። የፍሳሽ መስመር ያለው ማቆሚያ የሚሠራውም ሁለቱ በወግ እንዲፈሱ ነው። እንግዲያው ፍሳሽ የሚያስጨንቀው ሰው ማቆሚያ ይሠራልኝ ብሎ ቀድሞ የሚሰለፍ ይመስላል። ይህን ያልኩት በሆዴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤት ፊት አይወጣም።

ነፍሴን የማረካት ግን የቆይታው ክርክር ነው። አንዱ ወገን፣ እነዚህ ሰዎች ለአንድ ሌሊት መጥተው የሚሄዱ ከሆነ ማንነታቸውን በምን እናውቃለን? አለ። ሌላው ወገን፣ ሰንብተው የሚቆዩ ከሆነ ነዋሪ ሆኑ ማለት ነው፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤታችንን ያጣብባሉ አለ። የሚደንቀው ሁለቱ ወገኖች አልተጣሉም፤ እንዲያውም አንዱ ለሌላው አጨበጨበ። የኛ ሰው እንግዳን መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይለዋል። ቢያንስ የወርቁን ቀን አልነፈገውም። ካውንቲያችን የሚሻው ሳይመጣ የሚያድር፣ ሳያድር የሚሄድ እንግዳ ነው። ደግሞም ተገኝቷል፤ ሜዳው ላይ ዛሬም የሰፈረው እሱ ነው።

ጫጫታና መብራትን ልለፋቸው። ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ አይሰማ የሚል ግዴታ ይግባ ብለው የጠየቁት ሰውዬ፣ ቅዳሜ ማለዳ እንቅልፌን በቅጠል መንፊያ ሞተር የሚነሡኝ መሆናቸውን ብቻ ልጥቀስ።

ከዚያ «የሰፈሩ ጠባይ» መጣ። የእንግሊዝኛው ቃል ለሰውም ለሰፈርም ያገለግላል፤ ሰፈራችን ጠባይ እንዳለው ግን እስከዚያ ማታ አልሰማሁም ነበር። አምስት ዓመት ስኖር ሰላም ያሉኝ ሁለት ሰዎችና አንድ ውሻ ናቸው፤ ከሦስቱ አዘውትሮ የሚጠይቀኝ ውሻው ነው። ይሁንና ይህ ጠባይ አንድ አርቪ በዛፍ መካከል ብቅ ሲል የሚሰበር፣ እንደ ብርጭቆ የሚሰነጠቅ ነገር መሆኑን ተረዳሁ። ኮሚሽኑም ሜዳው ዙሪያውን ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ቢታጠርስ ሲል ሐሳብ አቀረበ። «ጥዱ እስኪያድግስ?» ተባለ።

ይህን ጥበብ የእኛ ካውንቲ የፈለሰፈው እንዳይመስላችሁ፤ የከበረ የዘር ሐረግ አለው። በ1917 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊቪል ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በየትኛው መንገድ ላይ መኖር እንደሚችሉ በዘር የከለለችበትን ደንብ ሻረ። ከ9 ዓመት በኋላ ያው ፍርድ ቤት፣ ክሊቭላንድ ጥግ ያለችው ዩክሊድ የምትባል መንደር መሬቷን በቤት ዓይነት መከለል ትችላለች ብሎ 6 ለ 3 ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ ጥሩ ነገርም ያለ ቦታው ሲገኝ ሁከት ነው ለማለት በረቱን ትቶ ሳሎን የገባ አሳማ ጠቀሱ፤ የኪራይ አፓርታማንም ሌሎች ባቀኑት ሰፈር ላይ የተጠጋ ጥገኛ አሉት። እንግዲህ እገሌ አይግባ ማለት ነውር ሆነ፤ የእገሌ ቤት ዓይነት አይግባ ማለት ፕላን ሆነ። በእንዲህ ያለው ቤት ማን እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃላ።

እኛ ደግሞ ከዳኛው ዘመን ወዲህ ብዙ ሰልጥነናል። ማንንም አሳማ አንልም። «ከአካባቢው ጋር የማይጣጣም አጠቃቀም» እንላለን።

አርቪ ቤት ነው ወይስ መኪና? ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ በቀን መቁጠሪያ ይወሰናል። የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለውን አርቪ የብድር ወለድ ሲቀናነስ እንደ ቤት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ኤፕሪል 15 ላይ፣ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ በሚያበቃበት ቀን፣ የጎረቤቶቼ አርቪ ሁለተኛ ቤት ነው። በሌላው ጊዜ ከጋራዣቸው ጎን ሸራ ለብሶ የቆመ ንብረት ነው። ሌላ ሰው ነድቶት ሲመጣ ደግሞ አደጋ ነው። በነገራችን ላይ ከእነዚሁ ጎረቤቶቼ መካከል «ኖማድላንድ»ን አይተው ያለቀሱ አሉ። በ2021 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደው ነው፤ ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ሥራዋንና ከተማዋን አጥታ በቫን ውስጥ ስትኖር ያሳያል። ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርሱ እንባቸው ደርቋል። አይፈረድባቸውም፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የቆይታ ገደብ ያከበረ መንገደኛ እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው የችሎቱን አቀማመጥ ነው። በድሮው የእኛ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። በላ ልበልሃ ሲባባሉ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል፤ ያልያዘውን ሰው ማንም አይከስም። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው! እዚህ ተከሳሹ መጥሪያ እንኳ አይደርሰውም። ማስታወቂያው የሚላከው ከሜዳው አጠገብ መሬት ላላቸው ነው። ማቆሚያው ቢሠራ የሚያድርበት ሰው በዚያች ሰዓት ምናልባት ኦሃዮ ውስጥ ነዳጅ እየቀዳ ነው፤ ስለ እሱ ጠባይ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ፍሳሹ አንድ ሙሉ አዳራሽ መማከሩን አያውቅም። ሦስት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ከተሞች የመኖሪያ ቤት ግንባታ በሚታይባቸው ስብሰባዎች ማን እንደሚናገር ከቃለ ጉባኤዎቹ አጥንተው በ2019 መጽሐፍ አውጥተዋል። የሚናገሩት ከቀረው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ የቤት ባለቤቶችና በአካባቢው ረጅም ዘመን የኖሩ ሆነው ተገኙ፤ አብዛኞቹም ግንባታውን ይቃወማሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ችግር ማየታቸው ገርሞኛል። ታዲያ ገና ያልመጣ ሰው መጥቶ ይናገር?

አንዲት ወጣት ብቻ፣ በአካባቢው ሆስፒታል በአጭር ውል የምትሠራ ነርስ ነኝ ያለች፣ ኪራይ ስለማልችል አርቪ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ማቆሚያ ባገኝ ደስ ይለኛል አለች። 3 ደቂቃዋን እንኳ አልጨረሰችም። ሰብሳቢው በትሕትና አመስግነው፣ በካውንቲው ውስጥ ቋሚ አድራሻ እንዳላት ጠየቋት።

እንግዲህ ማቆሚያ ያልተፈቀደለት አርቪ አይተንም። ሎስ አንጀለስና ሲያትል እንደምናየው መጋዘንና ፋብሪካ ባለበት ጎዳና ዳር ይቆማል፤ ያኔ የውኃ መስመርም የፍሳሽ መስመርም የለውም። ከዚያ ጎዳና ላይ ማደር የሚከለክል ደንብ ይወጣል፤ ከደንቡ ኋላ ጎታች መኪና ይመጣል። በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ግራንትስ ፓስ የምትባል የኦሬገን ከተማ ደጅ ላይ የሚያድሩትን መቅጣቷ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ የጭካኔ ቅጣት አይደለም ብሎ ወስኗል። ይኸኛውም 6 ለ 3 ነው። ሜዳው ላይ አትደር፣ መንገዱ ላይም አትደር፤ ማደርህን ግን አንቃወምም።

በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ። ክራባቴን አጠባብቄ፣ «እኔ ከውጭ የመጣሁ ሰው ነኝ። በሀገሬ እንግዳ የእግዜር ነው፤ እግሩ ይታጠባል፣ አልጋ ይለቀቅለታል» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዳንዱ በስጋት አየኝ። «ግን…» ስል የሁሉም ትከሻ ዘና ሲል ታየኝ። ስለ ቤታችን ዋጋ፣ ስለ ልጆቻችን ደኅንነት፣ ስለ ሰፈራችን ጠባይ ተናገርኩ። ቀይ መብራቱ ሳይበራ ጨረስኩ። ስወርድ ከጀርባዬ የሚኖሩት ሰውዬ፣ አምስት ዓመት ፊታቸውን ያላየሁት፣ እጄን ጨብጠው ስሜን ጠየቁኝ። ሲጠሩት ትንሽ አበላሹት። ዜግነት የወሰድኩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልተሰማኝም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አወራኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና፣ «አንተ ሲልቨር ስፕሪንግ የወንድሜ ሶፋ ላይ ስንት ወር ነበር የቆየኸው?» አለችኝ።

«ሰባት» አልኩ።

«ኪራይ ውሉ ላይ ስምህ ነበረ?»

«አልነበረም። ግን…»

«ግን ምን?»

«እኔ እኮ ጎማ አልነበረኝም።»

«ሻንጣህ ነበረው» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ለማንኛውም ኮሚሽኑ ማመልከቻውን አልጣለውም፤ እኛም እንዲጣል አልጠየቅንም፤ ተቃዋሚዎች አይደለንም። የድምፅ፣ የመብራትና እንደገና የትራፊክ ጥናት ተጠንቶ ይቅረብ ተብሎ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ ሲተላለፍ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የመሬቱ ባለቤት ፕላናቸውን ጠቅልለው ከብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ሣሩ ዘንድሮም ይታጨዳል።

መምጣት ለምትፈልጉ ወገኖቼ፣ ስብሰባው በሐበሻ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ መኪና ማቆሚያ አይገኝም።