ውሻና የቆሎ ተማሪ በበረዶ ላይ

ሚኒያፖሊስ፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምዬ፣ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ለሚያነብልሽ ለወንድሜ፣ እንዲሁም ሳይጠራ መጥቶ ምድጃው ዳር ለተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ።

ደብዳቤው ዘገየ ብላችሁ እንዳትቀየሙ። ጥር 22 ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ወርዶ ፖስታ ቤቱ ራሱ ደብዳቤ ማደል አቁሞ ነበር። ወንድሜ፣ ነፋስ መውጫ ገበያ ጋቢህን እስከ ዓይንህ ተከናንበህ "ዘንድሮስ ውርጩ ፈጀን" የምትለውን ነገር ተወው። እናንተ ዘንድ ብርድ ከጉና ወርዶ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ እዚህ ቤት ተከራይቶ ይከርማል። እምዬ፣ በላክኩልሽ ፎቶ ላይ "ወፈረልኝ" ብለሽ እልል ያልሽው እኔን ሳይሆን የደራረብኩትን ልብስ አይተሽ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ ሽማግሌ አሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ያላቸው አንድ ጥቁር ውሻ ብቻ ነው። "ቅዳሜ በረዶ ላይ ዓሣ እናጥምድ" ሲሉኝ፣ ነነዌ ሳይገባ ዓሣ መቅመስ ክፉ አይደለም ብዬ እሺ አልኩ። ውሻውም አብሮ ይሄዳል። ስሙ ሳሙኤል ነው። አታማትቢ እምዬ፣ ስሙን እኔ አላወጣሁለትም።

የሳሙኤልን ስንቅ ብታዩ! በጣቶቹ መሐል በረዶ ገብቶ እንዳይቆረፍድበት ጫማ ተደረገለት፤ ያውም አራት። መዳፉ እንዳይሰነጠቅ ሰም ተቀባ። ውኃ ውስጥ ቢገባ የሚያንሳፍፈው፣ ጀርባው ላይ መጎተቻ እጀታ ያለው ሰደርያ ለበሰ። የሚተኛበት ምንጣፍም ተያዘለት፤ በባዶ በረዶ ላይ ከተኛ ሙቀቱን ይጨርሰዋል አሉ። እኔ ቤተ ልሔም ድጓ ስማር በአንድ ደበሎ በባዶ እግሬ መክረሜን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም፤ ሳሙኤል ይሰማል።

ሐይቁ ሚል ላክስ ይባላል። ከከተማችን ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስፋቱ የጣና አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ዳር ደርሰው ያቆማሉ ስል ሽማግሌው መኪናቸውን እየነዱ ሐይቁ ላይ ወጡ! "ኧረ ውኃ ነው!" ብዬ ብጮኽ፣ በረዶው 10 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ እግረኛ ይሸከማል፣ 33 ከሆነ እንዲህ ያለ መኪና ይሸከማል፣ ዛሬ ከዚያም በላይ ነው ብለው አስረዱኝ። ጴጥሮስ በባሕር ላይ የተራመደው ያለ መኪና ነው፤ ያም ሆኖ መስጠም ጀምሮ ነበር። ድንገት በረዶው ከሥር ጓ! ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳሙኤል አዛጋ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ከእንጨት የተሠራች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ገባን። የጋዝ ምድጃ አለ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ሰው ስለሚገድል መስኮቷ ገርበብ ትላለች። ሽማግሌው በሞተር መሰርሰሪያ በረዶውን ቀደዱና መንጠቆ ጣሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ትላላችሁ፤ እዚህ ሰው በቀደደው ውሻ ይገባል። ሳሙኤል ጭንቅላቱን እስከ ሰደርያው ሰክቶ ውኃውን ሲልፍ በእጀታው ጎትተው አወጡትና "መንጠቆ እንዳይውጥ ጠብቀው" አሉኝ። ድጓ ይዘልቃል ያላችሁት ልጃችሁ የውሻ ሞግዚት ሆነ።

ከዚያ ዝም ዝም ሆነ። ውጭው ነጭ ነው፤ ድምፅ የለም። እዚህ አንድ ሰው እንኳ በስሜ ሳይጠራኝ የሚመሽበት ቀን አለ። እምዬ፣ አታልቅሺ፤ በዚያች ጎጆ ውስጥ ሳሙኤል እየተባለ ሲጠራ የዋለውን ብትሰሚ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ዝምታው ሲከብደኝ በለሆሳስ ማዜም ጀመርኩ። በግዕዝ ስጀምር ሳሙኤል ጆሮውን አቆመ። ወደ ዕዝል ስሻገር ተቀበለኝ። አራራይ ላይ ስደርስ አንገቱን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ አንጀት በሚበላ ድምፅ አላዘነ። ለአጎቴ ንገሩልኝ፦ የዜማው አካሄድ የቤተ ልሔም አይደለም፣ ቁርጥ የቆማ ነው። እሳቸውም "ያንተ ድምፅ ውሻ ያስጮኻል" ይሉኝ ነበርና፣ ይኸው ምስክር አገኙ።

ማኅሌቱ ሳይጠናቀቅ የመንጠቆው ዘንግ ላይ ያለችው ቃጭል ጮኸች። ሳብ ሳብ ባደርገው ዋልአይ የሚሉት ዓሣ ወጣ። ከተማችን ያለችበት የሚኒሶታ ሰዎች በ1965 እ.ኤ.አ. በሕግ የክፍለ ግዛታቸው ዓሣ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ገና ከመንጠቆው ሳላቅቀው ሳሙኤል ላፍ አድርጎ በሩን ገፍቶ ወጣ። እኔም የበረዶ መዛቂያውን አንሥቼ ተከተልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ሲያሳድደኝ ኖሬ፣ ይኸው አሳዳጅ ሆንኩ! እሱ አራት ጫማ አለው፣ እኔ ሁለት፤ አልደርስበት አልኩ። ከየጎጆው ፈረንጅ ሁሉ ቢራውን እንደያዘ ወጥቶ ሲያይ፣ እግሬ ከዳኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ስወድቅ ከአፌ የወጣው ያው ቆሎ ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ነው፦

"በእንተ ስማ ለማርያም!"

ሳሙኤል ቆመ። ዞረ። ቀስ ብሎ መጥቶ ዓሣውን ደረቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ የማን ውሻ ንክሻ እንደሆነ እትዬ ታውቃለች፤ ምጽዋት የሰጠኝ ውሻ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሽማግሌው ማስመሪያ አውጥተው ዓሣውን ለኩ። ሕጉ ከሚፈቅደው ልክ ውጭ ነው ብለው ወደ ቀዳዳው መለሱት። ምጽዋቴን መንግሥት ወሰደው። እምዬ የላክሽውን በሶ በጥብጬ ለሦስት ተካፈልን፤ ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው፣ ሳሙኤል ግን ሳህኑን ልሶ የእኔንም ጠየቀ።

ወንድሜ፣ የእኔን አወዳደቅ ለመንደሩ ካወራህ፣ አንተ በጥምቀት ከበቅሎዋ የወረድክበትን አወራረድ እኔም እዚህ ላለው ሐበሻ ሁሉ አወራለሁ። የጠየቅከኝን ስልክ እልካለሁ፤ ደጋግመህ አትጻፍ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ደጃችን ቆሞ ሲለምን እናንተ እንጀራ እስክታወጡ ውሻችን አንበሴ ልጁን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ውሻው ይታሰር፣ እንጀራው ከዚያ ይውጣ። ከምልከው ገንዘብ ላይም ቀድሞ ጠንካራ ሰንሰለት ይገዛ።

ልጃችሁ