ግማሽ ጨዋታ

ግማሽ ኪሎ ሥጋ አውቃለሁ። ግማሽ ዳቦም አውቃለሁ፤ ትልቁ ግማሽ የማን እንደሆነ ከወንድሜ ጋር እየተደባደብን ነው ያደግነው። የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቀኑን ሙሉ የቀረሁበት ጊዜም አለ። ግማሽ ጨዋታ የሚባል ነገር ግን አሜሪካ እስክመጣ፣ መጥቼም ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረኝ በፈረንጆቹ 2021 ጥር ላይ ነው፤ በእኛ 2013፣ ጥምቀት ሰሞን። ዋሽንግተን፣ ሬገን ኤርፖርት፣ የታክሲ ተራ ይዘናል። የኮሮና ጊዜ ስለሆነ አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ ከአውሮፕላኑ ግን ሰው አይወርድም። ቀን እንዲህ ሲረዝም ሰው ወይ ይጸልያል፣ ወይ ይሟገታል፣ ወይ ስልኩን አውጥቶ የማያገባውን ያነባል። እኔ የማያገባኝን አነበብኩ። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመቱ አጋማሽ ስንተኛ ላይ እንደተቀመጠ አየሁ።

እዚያ አልተማርኩም። ልጄም አልተማረችም። ግን ጆርጅታውን ሰፈር የምድር ባቡር ጣቢያ የለውም፤ ባቡር የማይደርስበት ሰፈር ደግሞ ለታክሲ ነጂ የክርስትና አባት ማለት ነው። ውለታ አለብኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ስሙ ነው። ተጫዋቾቹ “ሆያ” ነው የሚባሉት። መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ ነው። በበረዶ ወር፣ አዳራሽ ሙሉ ፈረንጅ “ሆያ! ሆያ!” እያለ ይጮሃል። ቡሄ ያለ ወሩ መጣ እንዴ ብዬ መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። ጅራፉ የታለ? ሙልሙሉስ? በኋላ ስጠይቅ ስሙ የመጣው “ሆያ ሳክሳ” ከሚል የድሮ ጩኸት ነው አሉኝ። ግማሹ ግሪክ፣ ግማሹ ላቲን፤ ትርጉሙም “ምን ዓይነት ድንጋዮች!” እንደ ማለት ነው። የእኛዎቹ ሆያ ሆዬ ባዮች ቢያንስ የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ ሙልሙል ነው የሚፈልጉት። ድንጋይ ያደነቀ ልጅ በደጃችን አላለፈም። ቢሆንም ሰው ቡድኑን መርምሮ አይመርጥም። ለንደንን ሳናይ በአርሰናል የስንታችን ጨጓራ ተልጧል?

እናላችሁ ሆያዎቹ በኮንፈረንሳቸው፣ ማለት በቡድኖቹ ማኅበር ውስጥ፣ 1 አሸንፈው 5 ተሸንፈዋል፤ በጠቅላላው 3 ለ 8። ዓመቱ ሳይጀመር የኮንፈረንሱ አሠልጣኞች ከ11 ቡድን መጨረሻ ይወጣሉ ብለው ተንብየውላቸው ነበር፤ ትንቢቱን ላለማሳፈር የሚጥሩ ይመስላሉ። ኮንፈረንሱ ቢግ ኢስት ይባላል፣ ታላቁ ምሥራቅ። ክሬይተን የሚባለው አባሉ ያለው ግን ኦማሃ፣ ነብራስካ ነው። ካርታ ብትዘረጉ አገሩ መሃል እምብርቱ ላይ ታገኙታላችሁ። እሱንም ዝም አልኩ። ቢግ ቴን የሚባለው ሌላው ኮንፈረንስ ዛሬ 18 ቡድን አለው፤ አሥር ነኝ እያለ። እሱንም ዝም ብያለሁ።

ዝም ማለት ያልቻልኩት ሰንጠረዡ ዳር ላይ ላለችው ጠባብ ዓምድ ነው። ከመሪው በስንት ጨዋታ እንደምትርቅ ትናገራለች። እዚያች ላይ “½” የምትባል ነገር ተንጠልጥላለች። ግማሽ ጨዋታ! የት ሜዳ ነው የሚጫወቱት? ለእረፍት ሲወጡ ዳኛው በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል?

ተራው ላይ ከኋላዬ የሚቆሙ አንድ ጋሼ አሉ፤ ደሴ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ። መኪናዬ ውስጥ ገቡ፣ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ፣ ትንፋሽ ባጠየመው መስኮት ላይ በጣታቸው መጻፍ ጀመሩ።

“ስማ አንተ። መሪው ካንተ በስንት ማሸነፍ በለጠህ? አንተስ ከእሱ በስንት መሸነፍ በለጥከው? ደምራቸውና ለሁለት አካፍል። በቃ።”

“ጋሼ፣ ሁለታችን እኩል ካልተጫወትን?”

“ግማሿ እዚያ ነዋ ያለችው!”

እንዲህ ነው ነገሩ። አንተ ቤትህ ተኝተህ ሌላው አንድ ጨዋታ ሲያሸንፍ በግማሽ ትርቃለህ፤ ሲሸነፍ በግማሽ ትቀርባለህ። ሆያዎቹ ደግሞ ያኔ በኮሮና ምክንያት ሳምንታት ሙሉ ጨዋታ አቋርጠው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ኳስ ሳይነኩ ይርቃሉ፣ ኳስ ሳይነኩ ይቀርባሉ። በእኛ እግር ኳስ ቢሆን ጋዜጠኛው “ተስተካካይ ጨዋታ ይቀረዋል” ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ይገላግለን ነበር።

“ምን ይገርምሃል?” አሉኝ ጋሼ። “ጳጉሜ ምንድን ናት?”

አፌን ዘጋሁ። እውነት ነው፣ እኛ ምን አፍ አለን? ዓመቱን ለሠላሳ ሠላሳ አካፍለን፣ የተረፈችውን አምስት ቀን ወር ብለን የሾምን ሕዝቦች ነን። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች፤ ሹመቷን ያገኘችው በዚያ ይሆናል። ደመወዝ የላትም። ደመወዝ ባይኖራትም ሆድ አላት፤ ሰው ጳጉሜን ሳይበላ አያሳልፍም። ጋሼ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን “ሲካፈል የተረፈ ነገር አይጣልም፣ ስም ይሰጠዋል” ይሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ቀጥለን ጳጉሜ ስድስት ላይ የተወለደ ሰው ልደቱን መቼ ያክብር ወደሚለው ተሻገርን። ከዚያ በዚያው ቀን የሞተ ሰው ሙት ዓመት መቼ ይዋል አልን። ሁለት ሰዓት አለፈ። በመካከሉ ተሳፋሪ መጥቶ ኖሮ ከፊታችን ያሉት ሄደው፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ሲነፋ ነው የነቃነው።

የመጋቢቱ ሰንጠረዥ ሲወጣ ግን ጋሼ ራሳቸው ዝም አሉ። በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታ እየተሰረዘ አንዱ 20፣ አንዱ 13 ተጫውቶ ስለጨረሰ ደረጃው የወጣው በመቶኛ ነው። ቪላኖቫ 11 አሸንፎ 4 ተሸንፎ አንደኛ። ክሬይተን 14 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ሁለተኛ። በጋሼ ስሌት ብታሰሉት መሪው ከሁለተኛው በግማሽ ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቷል! ወረድ ስትሉ ደግሞ ዜቪየር፣ ጆርጅታውንና ማርኬት ተደርድረዋል። ስድስት ያሸነፈው ሰባተኛ፣ ሰባት ያሸነፈው ስምንተኛ፣ ስምንት ያሸነፈው ዘጠነኛ።

“ይሄስ ቅኔ ነው” አሉ ጋሼ።

ለእኔ ግን ቅኔ አልመሰለኝም። ይቺን ዓምድ አውቃታለሁ፤ ሰርግ ቤት አጠገቤ ትቀመጣለች። “እከሌ እኮ ካንተ በኋላ ነው የመጣው፤ ቤት ገዛ” ትለኛለች። “ታናሽህ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፣ አንተ አሁንም ታክሲ ላይ ነህ?” ትላለች። በሦስት ጨዋታ ተኩል ርቄያለሁ ማለቷ ነው። እከሌ ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበለው አጎት እንደነበረው፣ ምድር ቤቱን ለቆለት ሦስት ዓመት ኪራይ ሳይከፍል እንደተማረ ሰንጠረዡ ላይ አይጻፍም። እኔ በነዚያ ዓመታት ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ የአራት ወንድምና እህት ትምህርት ቤት እንደከፈልኩ አይጻፍም። “ታናሽህ” ከሚሉኝ መካከል አንዱ በዚያ ገንዘብ ነው የተማረው! እኩል ጨዋታ ሳንጫወት ማን ነው ጎን ለጎን የደረደረን? ስንት እንደራቅሁ የሚነግረኝ ሰው ሞልቷል። ስንት ጨዋታ ሳልጫወት እንደቀረሁ፣ ለማን ብዬ እንደቀረሁ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም የለም።

ይቅርታ። ስለ ኳስ ነበር የምናወራው።

ኳሱ እንግዲህ ኒው ዮርክ ገባ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። የኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ነው፤ ዋንጫውን የወሰደ ሰንጠረዡ ምንም ቢል ወደ 68ቱ ቡድኖች አገር አቀፍ ውድድር በቀጥታ ይገባል። የሆያዎቹ አሠልጣኝ ያኔ ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር። በልጅነቱ ከጃማይካ መጥቶ፣ በ1984 በአሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ሥር ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱን ዋንጫ ያመጣ፣ ከዚያም ዕድሜውን በዚያው አዳራሽ ለኒክስ ቡድን ሲጫወት የፈጀ ሰው። 33 ቁጥር ማሊያው ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል። ሆያዎቹ ማርኬትን 68 ለ 49 አሸነፉ። በማግስቱ አንደኛውን፣ ያንን ከሁለተኛው ወደ ኋላ የቀረውን ቪላኖቫን፣ 72 ለ 71 ጣሉት።

ከዚያ በኋላ ዩዊንግ አማረረ። ሕንፃው ውስጥ በሄደበት ሁሉ ጥበቃዎቹ እያስቆሙ መግቢያ ወረቀት ይጠይቁታል! ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ማሊያው ጣሪያ ላይ፣ ስሙ በከተማው ሁሉ፤ እሱ ግን መታወቂያ ያሳያል። ተራው ላይ ይህን ስናወራ ሁላችንም ተቆጣን። ሌሊት ጥበቃ የሚሠራው ጓደኛችን ብቻ ቡናውን ፉት ብሎ፣ “ልጁ ሥራውን ነው የሠራው። እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር” አለ። ልንከራከረው ብለን ተውነው፤ የተናገረው ልክ ነው።

ሴተን ሆልን 66 ለ 58፣ ክሬይተንን በፍጻሜው 73 ለ 48። በአራት ቀን አራት ጨዋታ። ስምንተኛው ቡድን ዋንጫ ወሰደ። ቶምፕሰን ካረፈ ገና ሰባት ወር አልሞላውም ነበር። የዚያን ቀን ቤቴ ውስጥ ብቻዬን “ሆያ!” ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ነሐሴ ገባ እንዴ?” አለችኝ።

አሁን እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። ለሰርግ ቤቶቹም አንድ ቅጂ እልክላቸው ነበር። ምን ዋጋ አለው! በሳምንቱ ኮሎራዶ 96 ለ 73 አራገፋቸው። በቀጣዩ ዓመት በኮንፈረንሱ 19 ተጫውተው 19ኙንም ተሸነፉ። ጋሼ ደውለውልኝ፣ “መሪው ፕሮቪደንስ 14 ለ 3 ነው። አሰላኸው?” አሉኝ። አሰላሁት፤ ከመሪው በድፍን 15 ጨዋታ ርቀዋል። ግማሿ የለችም። የሞላልን ያን ዓመት ብቻ ነው።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እኔ አሁንም ጥር በመጣ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ ያችን ዓምድ አያለሁ፤ ቁስሉን እንደሚነካካ ሰው። ዛሬም ከፍቼ ነበር። ልጄ ግን መልእክት ላከችብኝ፤ የእከሌ ልጅ ሰርግ ቅዳሜ ነው፣ ከረባት ግዛ ትላለች። ከፊቴ ደግሞ አንድ ታክሲ ተኩል ቀርቷል። ተኩሉ በሩ ተከፍቶ ሻንጣ እየጫነ ነው። ሄደ እንዳልል ቆሟል፣ ቆመ እንዳልል ሴትዮዋ አንድ እግሯን አስገብታለች።